በቤተ ዘመድ ፎቶ መሃል የተሰቀለው ዓይን

እልፍነሽ የዚያን ክሊኒክ ነገር ባነሳች ቁጥር አገጯን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። አገጯ ላይ ምንም የለም። «ማሽኑ ላይ አገጭ የሚደገፍበት ነገር አለ አይደል? ይጣበቅ ነበር» ትላለች። «ከኔ በፊት የተቀመጠው ሰውዬ ላብ ነው። የሚነጠፍበት ወረቀት ተቀዶ ጫፉ ብቻ ቀርቷል። እኔ ደግሞ ይሉኝታዬ! ዝም ብዬ ላቡ ላይ አገጬን አስቀመጥኩ።»  እኔ የምጽፈው እሷ እንዳወራችኝ፣ ጎረቤቶቿም መሃል እየገቡ እንዳረሟት ነው።

እልፍነሽ አሶሳ ከተማ ውስጥ ጥልፍ ጠላፊ ናት። ዕድሜዋ አርባ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ቤተሰቦቿ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ የአራት ወር ጨቅላ ነበረች። ከአሶሳ ወጣ ብሎ፣ በስም ሳይሆን በቁጥር ከሚጠሩት አምባዎች በአንዱ አወረዷቸው። እናቷ ከረሃቡም ከመንገዱም ጡቷ ደርቆ ነበርና ልጂቱ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ደግሞ ማልቀሱም እያቃታት መጣ። የበርታ ሴት የሆነች አንዲት የአካባቢው እናት፣ የራሷን ልጅ እያጠባች ስታልፍ አየቻት። ቋንቋ አልተነጋገሩም። ሴትዮዋ ሕፃኗን ከእናቷ እጅ ወስዳ በሌላኛው ጡቷ አስጠጋቻት፤ እንደዚያ ሰባት ወር አጠባቻት።

በአንደኛው ጡት ላይ የነበረችው ልጅ ዐርዋ ናት። ዛሬ ገበያ ውስጥ ለውዝና ደረቅ ባሚያ ትሸጣለች፤ የእልፍነሽ የአጥር ጎረቤትም ናት። በእነ ዐርዋ ዘንድ አንድ ጡት የጠቡ ልጆች የወጣላቸው እህትማማች ናቸው፤ አንዷ የሌላዋን ወንድም ማግባት እንኳ አትችልም።

«የዐርዋ ታላቅ ወንድም መልከ መልካም ነበር» ትላለች እልፍነሽ። «በወተት ምክንያት አመለጠኝ።»

«ወላሂ አንተ ዕድለኛ ነህ!» ትላታለች ዐርዋ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሁሉንም ሰው «አንተ» ነው የምትለው። «ወንድሜ ሰነፍ ነው። ሚስቱ ሁልጊዜ ያለቅሳል።»

እልፍነሽ መርፌ የያዘችው በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። በጥልፍ ዓለም ሁለት ዓይነት ሰው አለ ይላሉ፣ ክር የሚያይና ሐረግ የሚያይ። እልፍነሽ ሐረግ የምታይ ናት። ሠርግ ቤት ቁጭ ብላ የሙሽራዪቱን ቀሚስ አንድ ጊዜ ካየችው በሳምንቱ ያንኑ ሐረግ ከነቅጠሉ ትጠልፈዋለች። ከባምባሲ ሁሉ ሙሽሮች ይመጡላታል። ልጆቿን በዚህ አሳድጋ ግልገል በለስ ሥራ አስይዛለች።

በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ስኳር ተገኘባት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቁጭ አድርጋ ነገረቻት፦ «ስኳር ዓይንን የሚበላው ከጀርባ ነው። አያምሽም። ዓይኔ ታመመ ብለሽ ስትነቂ ጊዜው አልፏል። በየዓመቱ የዓይንሽን የኋላ ግድግዳ ፎቶ ያንሱልሽ፤ በጊዜ ከታየ መድኃኒት አለው።»

ፎቶ ማንሻው ታዲያ የት አለ? ሆስፒታሉ ያኔ አልመጣለትም ነበር። ስኳሩ ከተገኘባት ሁለት ዓመት ሲሆን አንድ የግል ክሊኒክ «በዘመናዊ ካሜራ የዓይን ምርመራ» የሚል ባነር ሰቀለ። እልፍነሽም ሄደች።

የሚያነሳው ባለሙያ ሽመክት ይባላል። አፉ ማር ነው። «እትዬ እልፍነሽ፣ ይግቡ፣ ይግቡ!» እያለ ጠብታ አደረገላት፣ አገጯን አስደገፈ፣ «አረንጓዴዋን መብራት ብቻ ይዩ፣ ዓይንዎን እንዳያርገበግቡ!» አለ። ብልጭ! ደግሞ በሌላው ብልጭ! ከሩብ ሰዓት በኋላ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመ ፎቶ ሰጣት። ሁለት ብርቱካናማ ክቦች ጎን ለጎን፣ ቀኝና ግራ። በእያንዳንዱ ውስጥ ሳንቲም የምታህል ቢጫ ነጥብ፣ ከነጥቧ የሚወጡና እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚበተኑ ቀያይ ሥሮች።

«የሕፃን ዓይን ነው ያለዎት። ስኳሩ አልደረሰበትም!»

እልፍነሽ ፎቶውን ቤቷ ወስዳ በትልቁ ፍሬም ውስጥ፣ ከልጆቿ የምርቃት ፎቶና ከእናቷ ጉርድ ፎቶ መሃል አስገባችው። እኛ ሰፈር ብዙ ሰው እንደዚያ አድርጓል። የሚያምር ፎቶ ነው፤ ደግሞስ የራስን ዓይን ከውስጥ ያየ ማን አለ? እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ዓይኔ ነው» ይባላል፤ እንግዳውም «አቤት የእግዜር ሥራ!» ይላል።

በዓመቱ ተመልሳ ሄደች። ያው አገጭ ማስደገፊያ፣ ያው ብልጭታ። «አልተለወጠም፣ እንዳለ ነው» አላት ሽመክት። ሁለተኛውን ፎቶ ከመጀመሪያው ጋር አስተያየችው። እውነትም አልተለወጠም። ደስ አላት።

የዒድ ዕለት ዐርዋ ቤት ገባች። ሥጋ ስለማይበላሉ ሁልጊዜ ማንጎና ለውዝ ነው የሚቀርብላት። ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ። ዐርዋ ራሷን እያመማት እሷም ክሊኒኩ ሄዳ ኖሯል፤ የዓይኗ ፎቶ ከሟቹ ባሏ ፎቶ ጎን ተሰቅሏል።

«አንተ ምን ታያለህ?» አለቻት ዐርዋ። «ባሌን ነው? እሱ ሞቷል፣ ተወው።»

«ዐርዋ... ይሄ ያንቺ ዓይን ነው?»

«የኔ ነው። ምነው?»

እልፍነሽ ተጠግታ አየች። በቀኙ ክብ ላይ ከቢጫዋ ነጥብ ወደ ላይ የሚወጣ ሥር አለ፤ ለሦስት ይከፈልና መሃለኛው እንደ መንጠቆ ይታጠፋል። መንጠቆው ሥር ትንሽ ቅርንጫፍ አለ። እልፍነሽ ያን መንጠቆ ታውቀዋለች። ቤቷ ሄዳ የራሷን ይዛ መጣች፤ ጎን ለጎን አደረጉት። አንድ ነው።

አሁን ይህን ሲሰማ ሁሉም ሰው እኔ ብሆን ወዲያው እነቃ ነበር ይላል። እነሱ ግን እንደዚያ አልሆኑም። ዐርዋ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ጮኸች፦

«ወተቱ ነው! ወላሂ የእናቴ ወተቱ ነው!»

እልፍነሽም ተንበረከከች። አርባ ዓመት ሙሉ «እህትማማች ነን» ሲሉ የሳቀባቸው ሰው ነበር፤ ይኸው ማሽን መሰከረ። እየተላቀሱ ተቃቀፉ። ያን ቀን ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ አየ። ሁለቱን ፎቶዎች በአንድ ፍሬም አድርገው ዐርዋ ቤት ሰቀሉ። «ደማችን አንድ ሆነ» እያሉ ለአንድ ወር ያህል ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

በዚያው ሰሞን እልፍነሽ ነጭ ሸማ ላይ ስትጠልፍ ጥቁር ክር ወድቆ ታያለች። በጣቷ ልታነሳው ትሞክራለች፣ አይያዝም። ታራግፈዋለች፣ አይወድቅም። ወደ ግድግዳው ስታይ ክሩ ግድግዳው ላይ ነው፣ ወደ ሰማይ ስታይ ሰማዩ ላይ። ክሩ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ የሸረሪት ድር ሆነ፣ ከዚያ በግራ ዓይኗ በኩል ጥላሸት የተቀባ መስታወት መሰለ። ክሊኒኩ ሮጠች።

«ድካም ነው እትዬ» አላት ሽመክት። «ጥልፍ ያደክማል። ፎቶው ያው ነው፣ ይዩት።» ያው ነበር። እልፍነሽ ፎቶውን አምና ዓይኗን ተወችው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ይሄ ነው።

ነገሩን የፈቱት ጋሼ ዳበሳ ናቸው። ዳበሳ ከባምባሲ የመጡ አዛውንት ናቸው፤ ከቀርከሃ ወንበርና አልጋ ይሠራሉ። ከሃያ ዓመት በፊት ቀርከሃ ሲሰነጥቁ ስንጣሪው ተፈናጥሮ ግራ ዓይናቸውን አፈሰሰው። ሐኪም ጠርጎ አወጣው፤ አሁን ቆዳው ተከድኖ ጎድጓዳ ብቻ ነው። አንድ ቀን ያዘዘቻቸውን ወንበር አምጥተው ሲቀመጡ ከኪሳቸው ፖስታ አወጡ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔም ተነሳሁ» አሏት እየሳቁ። «ግራው እንኳ ከኋላ ደህና ነው አሉኝ።»

እልፍነሽ በቀኝ ዓይኗ ተጠግታ አየችው። ሁለት ብርቱካናማ ክቦች። መንጠቆው።

«ጋሼ ዳበሳ» አለች ቀስ ብላ። «የግራ ዓይንዎን ነው ያነሱት?»

«አዎ፣ ሁለቱንም። እኔም ገረመኝ። ማሽኑ ከቆዳው ሥር ያለውን ያያል መሰለኝ። ሥሩ ካለ፣ አንድ ቀን ከፍቶ የሚያወጣልኝ ሐኪም ይገኝ ይሆን እያልኩ...»

ሽማግሌው ያፍሩ ነበር፤ ተስፋቸውን ለሰው የተናገሩት ገና ያን ቀን ነው።

እልፍነሽ ዐርዋን ጠራቻት። ከዚያ ሐረግ ከአንድ ጨርቅ ወደ ሌላ ስታሸጋግር የምታደርገውን አደረገች። ስስ ወረቀቷን የራሷ ፎቶ ላይ ዘርግታ ሥሮቹን አንድ በአንድ በእርሳስ ተከተለች። ወረቀቱን አንስታ ዐርዋ ፎቶ ላይ አደረገችው፤ መስመር ከመስመር ገጠመ። የጋሼ ዳበሳ ላይ አደረገችው፤ ገጠመ። ፀጉር የምታህል ልዩነት የለም።

ዐርዋ ፎቶዎቹን አየች፣ ሽማግሌውን አየች።

«እናቴ ዳበሳንም አጥብቶ ነው?» አለች።

እልፍነሽ ስሱን ወረቀት አጥፋ ፎቶዎቹን ሰበሰበች።

በነጋታው ሦስቱ አብረው ክሊኒኩ ሄዱ። ሽመክት በረንዳው ላይ ነበር። የነጭ ጋዋኑ ኮሌታ በእድፍ ጠቁሯል፤ የተረጨው ሽቶ ከሩቅ ያንቃል። ሲያያቸው ፈገግ አለ።

«እንዴ፣ ዛሬ ቤተሰብ ሆናችሁ መጣችሁ?»

«አዎ፣ አንተ ነህ ያዛመደን» አለችው ዐርዋ።

እልፍነሽ ሦስቱን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና ስሱን ወረቀት ከላይ አደረገች። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የኔን ዓይን አንስተኸዋል ወይስ አላነሳኸውም?»

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው አለ። ከዚያ የሁሉም ሰው ዓይን ይመሳሰላል አለ። ጋሼ ዳበሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው የተከደነውን ጎድጓዳ ወደ መስኮቱ አዞሩለት። ሽመክት ያኔ ተቀመጠ።

«ማሽኑን መብረቅ መትቶት ነው። ብልጭታው ይሠራል፤ ፎቶ የሚቀበለው ክፍሉ ነው የተቃጠለው። ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ...»

«መቼ ነው የመታው?»

«ካቻምና ክረምት።»

እልፍነሽ ቆጠረች። የመጀመሪያ ፎቶዋን የተነሳችው ከዚያ ክረምት በኋላ ነው። አንድም ቀን አላነሳትም።

«እና ይሄ የማን ዓይን ነው?»

ሽመክት ፎቶዎቹን ሊገለብጥ እጁን ሰደደ።

«አንተ፣ የማን ዓይን ነው?» አለች ዐርዋ።

«የኔ ነው» አለ። «ማሽኑ ሲተከል ለሙከራ የተነሳሁት። ጤነኛ ዓይን ስለሆነ ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ ነው...»

ይህን ስትነግረኝ እልፍነሽ ፊቷን ትሸፍናለች። ከእናቷ ፎቶ ጎን፣ ልጆቿ መሃል፣ አንድ ዓመት ተኩል ያንን ሰውዬ አንጠልጥላ ኖራለች። «ይሄ ዓይኔ ነው» ብላ ለእንግዳ አሳይታለች። ያኔ ከክሊኒኩ ደጅ ወጥታ አንድ የማንጎ ዛፍ ሥር አስመለሳት። ዐርዋ ደግሞ የምታስመልስ ሰው አይደለችም፤ ጠረጴዛው ላይ እንትፍ አለችበት። «ከባሌ ጎን! አንተ ከባሌ ጎን ይሄን ሁሉ ወር አፍጥጠህ ቤቴን ታያለህ! ሐራም! ሐራም!»

ጋሼ ዳበሳ ግን አልተቆጡም፤ መቆጣታቸው ይሻል ነበር። ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁና፣ «እንግዲያው ግራው... ከኋላ ደህና ነው ያልከኝ ውሸት ነው?» ብለው ጠየቁት። ሽመክት «አዎ» አለ። ሽማግሌው «እሺ» ብለው ወጡ።

በዚያው ሳምንት ሆስፒታሉ ሄዱ፤ ካሜራ ከመጣለት ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ዶክተር ኢልሊ የወለጋ ልጅ ናት፣ ቃል የማታበዛ። አገጭ ማስደገፊያውን በአልኮል ጠረገች፣ አዲስ ወረቀት አነጠፈች። እልፍነሽ ያንን ስታይ እንባዋ መጣ፤ ዶክተሯ ጠብታው ያቃጠላት መስሏት «አሁን ይተዎታል» አለቻት።

ከዚያ የእልፍነሽ የራሷ ዓይን ስክሪኑ ላይ ወጣ። ግራው ፎቶ አልሆነም፤ የጎርፍ ውሃ ነው፣ ድፍርስ ቀይ። ቀኙ ይታያል፤ ግን ሥሮቹ አባብጠዋል፣ በመካከላቸው የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ የደም ነጠብጣቦች ተበትነዋል፣ እዚህም እዚያም ቢጫ እንደ ዘይት ጠብታ። መንጠቆ የለበትም።

«አስቀያሚ ነው» አለች እልፍነሽ።

«ታሟል። ማየት የሚችሉበት መሃሉ ግን ገና አልተነካም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሌዘር ከተደረገልዎት ይተርፋል፤ አዲስ አበባ እጽፍልዎታለሁ። ግራው ውስጥ ደም ፈሷል፣ ጠባሳውም ግድግዳውን ጎትቶታል። ደሙ ቢጠረግ እንኳ የነበረው አይመለስም።»

«መቼ ብመጣ ይተርፍ ነበር?»

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች። «ከዓመት በፊት ትክክለኛ ፎቶ ቢነሳ፣ አዎ፣ ይተርፍ ነበር።»

የዐርዋ ዓይን ንጹሕ ሆነ፤ መነጽር ብቻ ታዘዘላት። ዐርዋ ንጹሕ በመሆኗ አፍራ እልፍነሽን ሁለት ቀን ቀና ብላ አላየቻትም። የጋሼ ዳበሳ አንድዬ ዓይን ግን ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ዝም ቢባል ቀስ በቀስ ከዳር ዳር እየጠበበ ይጨልም ነበር አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ጠዋትና ማታ የሚደረግ ጠብታ ታዘዘላቸው።

እልፍነሽ አዲስ አበባ ደርሳ ሦስት ጊዜ ሌዘር ተደረገላት። ቀኙ ተረፈ። ግራው ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፣ ከዚያ በላይ አይነግራትም። ክሊኒኩ ታሸገ።

ተመልሳ ሳምንት ሳይሞላት ሽመክት ሽማግሌ ይዞ መጣ። አንድ ቄስ፣ ሁለት የአገር ሽማግሌዎች፤ እሱ ራሱ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ደጃፉ ላይ ተንበረከከ። በወሎዬዎቹ ሰፈር ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው «አውርድ» አለማለት ከባድ ነው። የአባትህን ገዳይ እንኳ ትላለህ። ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተደግፎ ጠበቀ።

«ልጄ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በይው» አሏት ቄሱ። «ተጸጽቷል።»

«አባቴ፣ ስንት ሰው ነው?»

«ምን?»

«የሱን ዓይን ይዞ ቤቱ የገባ ሰው ስንት ነው? ይናገር።»

ሽመክት ከድንጋዩ ሥር «ሁለት መቶ ምናምን» አለ።

«ምናምን!» አለች እልፍነሽ፤ ፊቷ እንደ ኮሶ ጠጪ ተጨማደደ። «አባቴ ሰሙት? ከነዚያ ውስጥ እንደኔ ስኳር ያለበት አለ፣ እንደ ጋሼ ዳበሳ አንድ ዓይን የቀረው አለ። ዛሬም ደህና ነኝ ብሎ ፎቶውን ሰቅሎ ተቀምጧል። ምናምን ይላቸዋል። መዝገቡን ያውጣ። አንድ በአንድ በየቤታቸው ይሂድ፣ ዋሽቻችኋለሁ ይበል፣ ሆስፒታል ያድርሳቸው። የመጨረሻው ሰው ሲታይ ኑና ያኔ እንነጋገር።»

«ይሄ እኮ የወራት ሥራ ነው፣ እልፍነሽ። ድንጋዩን እንኳ አውርድ በይው።»

«እኔ አልጫንኩትም።»

ቄሱ ራሳቸው አወረዱለት። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ጨካኝ አላት። እሷ ግን «አስጠላኝ እንጂ አልጨከንኩም» ነው የምትለው።

ከአራት ወር በኋላ እንደገና መጡ። ሽመክት ከስቷል፤ ያ ሽቶ የለም። መዝገቡን ይዟል፣ ስሞቹ ተሰርዘዋል። በአጠቃላይ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት። ሁለት መቶ አሥራ ስድስቱ ታይተዋል፤ ከነዚያ ዘጠኙ እንደ እልፍነሽ ለሌዘር ተልከዋል፣ ሁለቱ ዘግይተዋል።

«አንዷ ናት የቀረችው» አሉ ቄሱ። «መንጌ ወረዳ ወንዝ ዳር ወርቅ የምታጥብ ሴት ናት። መዝገቡ ላይ "ሳና" ብቻ ነው የሚለው፣ የአባት ስም የለም፣ ስልክ የለም። ሁለት ጊዜ ሄዶ አጥቷታል። ወንዙ ላይ ያለው ሴት ሁሉ ሳና ነው ይላል። ልጄ፣ በአንዲት ሰው?»

እልፍነሽ መዝገቡን ተቀበለች። ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠግታ፣ ጣቷን ከስሞቹ ሥር እያስኬደች የመጨረሻው መስመር ላይ አቆመች። ከሳና ስም ጎን፣ በሽመክት በራሱ እጅ፣ «ዕድሜ ሃምሳ ሁለት፣ ስኳር አለባት፣ ዓይን ጤነኛ» ይላል። ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ መዝገቡን ለቄሱ ሳይሆን ለሽመክት ዘረጋችለት፤ እጁ እንዳይነካት በጫፉ ይዛ።

«ሦስተኛ ጊዜ ሂድ» አለችው።

ሲወጡ ዐርዋ ከአጥሩ ማዶ ሆና ትሰማ ነበር። ባልዲ ውሃ ይዛ ገባች፣ ሽመክት ተቀምጦበት በነበረው አግዳሚ ወንበር ላይ ደፋችና በመጥረጊያ ትፈገፍገው ጀመር። እልፍነሽ አልከለከለቻትም።